ዲስኩ ደህና ሳለ

የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም ከገባሁ ጀምሮ የብሎካችን «የኮምፒውተር ሰው» እኔ ነኝ። ማን እንደሾመኝ አላውቅም። ፍላሹን ቫይረስ የበላበት፣ ስልኩ የሞላበት፣ ዋይፋዩ እምቢ ያለው ሁሉ ሦስተኛ ፎቅ ወጥቶ በሬን ያንኳኳል። በቀደም የመጡት ምድር ላይ ያሉት ጎረቤታችን ናቸው። በፌስታል የተጠቀለለ ዲቪዲ ይዘዋል። ሽፋኑ ላይ ሁለት ቀለበት ተስሏል፤ ከሥሩ «2001 ዓ.ም.» ይላል። የሴት ልጃቸው ሠርግ ነው።

«ልጄ፣ እስቲ እቺን እያት። ኬኩ ጋ ስትደርስ ቀጥ ትላለች።»

«ይግቡ እማማ፣ እናያታለን።»

የእኔም ላፕቶፕ እንደ ዛሬዎቹ ሁሉ የዲስክ ማስገቢያ የለውም። በዩኤስቢ የሚሰካውን አሮጌ ማንበቢያ ከአልጋ ሥር አወጣሁ። ዲስኩ ገባ፣ ዞረ። ሙሽራዋ ከቤት ስትወጣ፣ መኪኖቹ ጥሩንባ እየነፉ ሲያጅቡ፣ አዳራሹ ሲሞላ ሁሉም ጥሩ ነው። ኬኩ ጋ ሲደርስ ማንበቢያው «ጥርር… ጥርር» ማለት ጀመረ። ሥዕሉ ተቆራረጠ፣ ከዚያ ቀጥ አለ።

አውጥቼ መስኮት ጋ ወሰድኩት። የሚነበበው ገጹ ሐምራዊ ነው። ጠርዙ አካባቢ ግን ቀለሙ ሳሳ ብሏል። እዚያው ጠርዝ ላይ ክቡን ተከትሎ የሄደ ቀጭን ጭረት አለ። ከአራት ኪሎ ወደዚህ ሲመጡ ዲስኮቹ የተጫኑት በማዳበሪያ፣ ከድስትና ከምጣድ ክዳን ጋር ነበር።

እዚህ ዳር ከተማ ያለን ሰዎች ብዙዎቻችን ከመሃል የመጣን ነን። አንዱን ዕጣ ደርሶት፣ አንዱን የኮሪደር ልማት አንስቶት፣ አንዱን የቤት ኪራይ ገፍቶት። ዕቃ ሲጫን ቴሌቪዥኑን ጭኑ ላይ አቅፎ የማይሄድ የለም። የሠርጉ ዲስክ ግን ማዳበሪያ ውስጥ ነው። ከዚያ አዲሱ ቤት ሲገባ ቁምሳጥኑ ፀሐይ በሚገባበት መስኮት ትይዩ ይቆማል። ዲስኮቹ መስታወቱ ጋ ይደረደራሉ፣ ለዓይን ያምራሉ። ሐምራዊው ቀለም የሚያልቀው እዚያ ነው።

ከፋብሪካ ታትሞ የወጣ ዲስክ መረጃውን የያዘው ፕላስቲኩ ላይ በተረገጡ ጥቃቅን ጉድጓዶች ነው። ስቱዲዮ የሚቀዳው ዲስክ ግን ሌላ ነገር ነው። ውስጡ ስስ የቀለም ንብርብር አለው። የመቅጃው የሌዘር ጨረር ያንን ቀለም እየጠበሰ ነው የሚጽፈው። ቀለም ደግሞ መጋረጃ እንደሚለቅ ይለቃል። ብርሃን፣ ሙቀትና እርጥበት ጠላቶቹ ናቸው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ላይ የተቀመጠች ከተማ ናት። ከፍታ በጨመረ ቁጥር አልትራቫዮሌቱ ይበረታል። አየሩ ቀዝቀዝ ስለሚል ፀሐዩ የማይጎዳ ይመስለናል። ወደ ለገጣፎ መውጫ ላይ አንድ ሰው ጎመኑን ወፍ እንዳይበላበት ዲስኮች በክር አንጠልጥሏል። ባለፍኩ ቁጥር የማን ምርቃት ይሆን እላለሁ።

ጉዳዩን አሁን አጣዳፊ የሚያደርገው ግን ዲስኩ ብቻ ሳይሆን ዙሪያው ያለው ሁሉ እያለቀ መሆኑ ነው። ሶኒ ብሉሬይ የሚባሉትን፣ ከዲቪዲ በኋላ የመጡትን የሚቀዳባቸው ዲስኮች ማምረት ያቆመው በፌብሩዋሪ 2025 እ.ኤ.አ. ነው። አዲስ ላፕቶፕ ማንበቢያ ይዞ አይመጣም። ሰፈር ውስጥ ዴክ የሚጠግን ሰው ማግኘትም ከብዷል። ያኔ ሠርጉ፣ ክርስትናው፣ ምርቃቱ፣ የመመረቂያ ጽሑፉ ሳይቀር በዲስክ ነበር የሚሰጠን። የአንድ ትውልድ ትዝታ ቁምሳጥን ውስጥ ቁጭ ብሎ ቀለሙ እየለቀቀ ነው።

ዲስክ ሲታመም አይናገርም፤ አስቸጋሪነቱም እዚህ ላይ ነው። ሲዲም ዲቪዲም ሲሠሩ ስህተት የሚያርም ሥርዓት ውስጣቸው ተደርጎ ነው። ሲዲ ላይ መረጃ የሚቀመጠው ሴክተር በሚባሉ ቁራጮች ነው። አንዱ ሴክተር 2,352 ባይት አለው፤ የእኛ ፋይል የሚይዘው 2,048ቱን ብቻ ነው። ከቀረው አብዛኛው ለጥበቃ የተመደበ ነው፤ ከሥሩም ሌላ የማረሚያ ደረጃ አለ። ስለዚህ አቧራውም፣ የጣት አሻራውም፣ ትንሿ ጭረትም ሳትታወቅ ታልፋለች። ሲዲ በትራኩ፣ ማለትም መረጃው እየዞረ በተጻፈበት መስመር፣ አቅጣጫ ወደ 2.5 ሚሊሜትር፣ ዲቪዲ ደግሞ ወደ 6 ሚሊሜትር የሚሆን ክፍተት ራሱ መሙላት ይችላል። ከዚያ ካለፈ ግን በአንዴ ይወድቃል። ትናንት አምሮ የታየ ዲስክ ዛሬ ኬኩ ጋ የሚቆመው ለዚህ ነው። ለዓመታት ሲያርም ሲያርም ኖሮ አቅሙ ያለቀ ዕለት ነው እኛ የምንሰማው።

የጭረቱ አቅጣጫም ለውጥ ያመጣል። ከመሃል ወደ ጠርዝ የሄደ ጭረት ትራኩን አቋርጦ ስለሚያልፍ ከእያንዳንዱ ዙር ጥቂት ብቻ ይወስዳል። ክቡን የተከተለው ግን ተከታታዩን መረጃ ሙልጭ አድርጎ ይበላዋል። ዲስክ ሲጠረግ ከመሃል ወደ ውጭ እንጂ እንደ ምጣድ ዙሪያውን የማይሆነው ለዚህ ነው። «ጭረቱን በጥርስ ሳሙና ማሸት ያድነዋል ወይ?» ብላችሁ ደግሞ ጠይቃችሁኛል። ፕላስቲኩ ላይ ያለ ቀላል ጭረት ሲለሰልስ አንዳንዴ ይሠራል። ለለቀቀ ቀለም ግን ምንም አያደርግም። የሲዲ መረጃ ያለው ደግሞ ከታች ሳይሆን ከላይ፣ ስም የምንጽፍበት ገጽ ሥር ነው። በእስክሪብቶ ተጭኖ «የቤዛ ልደት» ብሎ የጻፈ ሰው ልደቱን እየፋቀ ነው።

እንግዲህ ዲስኩ የራሱ አቅም ሲያልቅ የሚይዘው ሌላ ገመድ ያስፈልጋል። ያ ገመድ የስህተት ማረሚያ ፋይል ነው።

እንዴት እንደሚሠራ ለማየት ሰፈራችን ሱቅ ያለውን የዱቤ ደብተሬን ልጥቀስ። ስኳር 120፣ ዘይት 350፣ ሳሙና 45። ድምር 515። ዘይቱ ደብተሩ ላይ ፈሶ የገዛ መስመሩን አጠፋው እንበል። ባለሱቁ አይደነግጥም። ከ515 ላይ 120ንና 45ን ይቀንሳል፤ 350 ይመጣለታል። ድምሩ ለመደመር ብቻ አልነበረም፣ የጠፋውን መስመር በሆዱ ይዞ ነበር።

ሁለት መስመር ቢጠፋስ? አንድ ድምር አይበቃም። ስለዚህ ባለሱቁ ሌላ ድምር ይጨምራል። የመጀመሪያውን መስመር በ1፣ ሁለተኛውን በ2፣ ሦስተኛውን በ3 እያባዛ ይደምራል፦ 120፣ 700፣ 135፤ ጠቅላላ 955። አሁን ዘይቱም ሳሙናውም ቢጠፉ፣ የመጀመሪያው ድምር ሁለቱ አብረው 395 እንደሆኑ ይነግረዋል። ሁለተኛው ደግሞ የዘይቱ ሁለት እጥፍና የሳሙናው ሦስት እጥፍ አብረው 835 እንደሆኑ ይነግረዋል። የ395 እጥፍ 790 ነው። ከ835 ሲቀነስ 45። ሳሙናው ተገኘ፤ ዘይቱም ተከትሎ ይመጣል። ሁለት ተጨማሪ ቁጥር፣ የትኞቹም ሁለት መስመሮች ቢጠፉ ይመልሳል።

የሒሳብ ሊቃውንቱ ኢርቪንግ ሪድና ጉስታቭ ሰለሞን በ1960 እ.ኤ.አ. አምስት ገጽ በምትሆን ጽሑፍ ያወጡት ዘዴ በመሠረቱ ይኸው ነው፤ ሒሳቡ ግን ለኮምፒውተር በሚመች ልዩ የቁጥር ዓለም ውስጥ የሚሠራ ነው። ቮዬጀር 2 የተባለችው የጠፈር መንኮራኩር ከፕላኔቷ ዩራነስ ሥዕል ስትልክ ተጠቅማበታለች። ራሱ ሲዲው ይጠቀምበታል። ማመላለሻ ተራ ጋ ያለው የሻይ ቤት ግድግዳ ላይ የተለጠፈው የክፍያ ኪውአር ኮድም ያው ነው። ያ ወረቀት አንድ ጥጉ በቡና በልዟል፣ መሃሉ ተላልጧል፣ ስልኬ ግን ወዲያው ያነበዋል። ኪውአር ሲሠራ በተመረጠለት ደረጃ ከ7 እስከ 30 በመቶ ጉዳት እንዲችል ተደርጎ ነው። ሻይ የከፈልንበትን ያህል ለልጃችን ሠርግ አለመጠንቀቃችን ያስቃል።

ለዲስክ ይህንን ሥራ የሚሠራው ነፃ ፕሮግራም ዲቪዲዛስተር ይባላል። ጀማሪው ካርስተን ግኖርሊች የተባለ ጀርመናዊ ነው፤ በኋላ ሌሎች ተረክበው ቀጥለውታል። ፕሮግራሙ ዲስኩን ሴክተር በሴክተር አንብቦ ሙሉ ግልባጩን፣ ኢሜጅ የሚባለውን፣ ኮምፒውተር ላይ ያስቀምጣል። ከዚያ ከኢሜጁ የማረሚያ ፋይል ያወጣል። በተለመደው ምርጫ ለእያንዳንዱ 223 ባይት 32 ባይት ይጨምራል። ይህ 14.3 በመቶ ገደማ ነው። 4.2 ጊጋ የያዘ ዲቪዲ 600 ሜጋ የሚሆን ማረሚያ ይወጣለታል። አንድ ተራ ሲዲ ላይ ይገባል ማለት ነው። ማረሚያው ተሠርቶ ካለቀ በኋላ ኢሜጁን ማጥፋት ይቻላል። ሥራው ሁሉ ለአንድ ዲስክ ግማሽ ሰዓት አይፈጅም።

ብልሃቱ አደራደሩ ላይ ነው። ዲስኩ በራሱ የሚያርመው አጠገብ ላጠገብ ያለውን ነው፤ ዲቪዲ 32 ኪሎባይት በ32 ኪሎባይት እየከፈለ። ጉዳቱ አንድ ቦታ ሲከማች ያ ክፍል ይሰምጣል። ፕሮግራሙ ግን ዲስኩን 223 ቦታ ከፍሎ ከየክፍሉ አንዳንድ ባይት እየለቀመ ነው አንዱን መስመር የሚሠራው። ጠርዙ ላይ ተከታትሎ የጠፋ ቦታ በብዙ ሺህ መስመሮች ላይ ይበተናል፤ ለየመስመሩ የሚደርሰው ትንሽ ትንሽ ነው። እድርም እንዲሁ ነው የሚሠራው፤ አንዱ ቤት ላይ የወደቀውን መቶ ቤት ይሸከመዋል። እድል ካልጠመመና የጠፉት ሴክተሮች ሆን ተብሎ እንደተመረጡ አንድ መስመር ላይ ካልተገጣጠሙ በቀር፣ ከዲስኩ 14 በመቶው ቢጠፋም ይመለሳል።

ሌላም የሚረዳ ነገር አለ። ማንበቢያው አንድ ሴክተር ሲያቅተው «ይህ አልተነበበም» ብሎ በግልጽ ይናገራል። ባለሱቁ የትኛው መስመር እንደጠፋ ያውቃል ማለት ነው። ቦታው ሲታወቅ 32ቱ ተጨማሪ ባይቶች 32 የጠፉ ባይቶችን ይመልሳሉ። ስህተቱ የት እንዳለ ካልታወቀ ግን ግማሹን አቅም ፍለጋው ይወስደዋል፤ 16 ብቻ ይመልሳሉ።

ወደ እማማ ዲስክ ልመለስ። ማንበቢያውን በዝቅተኛ ፍጥነት አድርጌ ሌሊቱን ተውኩት። አሥር ሰዓት ላይ መብራት ጠፋ። ዲቪዲዛስተር የቆመበትን ስለሚያስታውስ ጠዋት ያላነበበውን ብቻ ቀጠለ። በመጨረሻ ከመቶ 93ቱ ተነበበ። 7ቱ የለም፤ ኬኩ እዚያ ውስጥ ነው። ዲቪዲ ከመሃል ተጀምሮ ወደ ውጭ ስለሚጻፍ መጨረሻ ላይ ያለው ሁሌም ጠርዝ ላይ ይውላል። ጠርዝ ደግሞ በእጅ የሚያዘው፣ ቀድሞም የሚበላሸው ቦታ ነው። ስለዚህ ዲስክ እስከ አፉ ባይሞላ ይሻላል፤ 4.7 ጊጋ የሚይዘውን 4 ላይ ማቆም ምንም አይጎዳ።

7 በመቶ። ማረሚያው 14 ይችል ነበር። በ2001 ዲስኩ አዲስ ሳለ አንድ ሰው ያችን 600 ሜጋ ፋይል ሠርቶ ቢሆን ኖሮ ኬኩ በደቂቃዎች ይመለስ ነበር። አሁን ግን ከተጎዳ ዲስክ ማረሚያ አይወጣም። ድምሩ የሚደመረው መስመሮቹ ሳይጠፉ ነው። እኛ ደግሞ ጠጋኝ ቤት የምንሄደው ሁሌም ከተሰበረ በኋላ ነው። ፍላሽ «ፎርማት አድርግ» ሲል፣ ስልክ ውሃ ውስጥ ሲገባ፣ ዲስክ ኬኩ ጋ ሲቆም።

«ሁለት ኮፒ ካለኝ ምን ያሳስበኛል?» የሚል አለ። ጥሩ ጥያቄ ነው። ሃርድ ዲስክ ላይ ቦታ ያለው ሰው መጀመሪያ ሙሉ ግልባጭ ይያዝ፤ በዚህ አልከራከርም። ግን ብዙዎቻችን ሁለት ኮፒ የምንለው አንድ ቀን፣ ከአንድ ካርቶን በወጡ ሁለት ዲስኮች ላይ ተቀድቶ አንድ ቁምሳጥን ውስጥ የተቀመጠውን ነው። አብረው ነው የሚያረጁት። ሙሉ ግልባጭ ለመያዝ ቦታ ሲያጥር ደግሞ የማረሚያው ዋጋ ይታያል። ሰፈራችን ያለው ሰንበት ትምህርት ቤት 60 ዲቪዲ አለው፤ የመዝሙርና የበዓል ቀረጻ። ሁሉንም ለመገልበጥ ከ250 ጊጋ በላይ ይፈልጋል፤ ለዚያ የሚሆን ሃርድ ዲስክ የሚገዛ ገንዘብ የለም። ማረሚያ ፋይሎቹ ግን ተደምረው ቢበዛ 36 ጊጋ ነው የሚሆኑት። ባለ 64 ጊጋ ፍላሽ ገዝተን ሁለት ቅዳሜ ከሰዓት ጨረስነው። ከ60ዎቹ 4ቱ ግን ቀድመው ተበላሽተው ስለነበር ማረሚያ አልወጣላቸውም። ፍላሹም በተራው ይሞታል፤ ነገር ግን መዝሙሩ እንዲጠፋ ዲስኩም ፍላሹም መበላሸት አለባቸው። የሁለቱ አሟሟት ደግሞ አይመሳሰልም።

ማረሚያውን በትርፍ ቦታው ላይ እዚያው ዲስኩ ውስጥ መጨመርም ይቻላል። ይህ የሚሆነው ግን ከመቀዳቱ በፊት ነው፤ ቁምሳጥን ውስጥ ላሉት አይሠራም። ዲስኩ ለሁለት ከተሰበረም ማረሚያው አብሮ ይሰበራል። ፋይሎቻቸው ሃርድ ዲስክ ወይም ፍላሽ ላይ ላሉ ሰዎች ደግሞ ፓር2 የሚባል ሌላ ዘዴ አለ፤ ዊንዶውስ ላይ ማልቲፓር የሚባለው ነፃ ፕሮግራም ይሠራዋል። ፓር2 የሚጠብቀው ፋይሉን ነው። ለፎቶና ለሰነድ ጥሩ ነው። ለዲስክ ግን አልመርጠውም። ዲስክ ላይ የፋይሎቹ ማውጫ ራሱ ከተበላሸ ፋይሉ የት እንዳለ አይገኝም፤ ኢሜጁን የሚጠብቀው ማረሚያ ግን ማውጫውንም ጭምር ይመልሳል። ማንበቢያው ጭራሽ ያላወቀው ዲስክ፣ ወይም ሽፋኑ የተላጠ ሲዲ ሲሆን ግን ሁለቱም አያድኑም።

እማማ 93 በመቶውን በፍላሽ ሰጥቻቸው አመሰገኑ። ሲወጡ ግን በሩ ላይ ቆም አሉ። «የወንዱ ወገን ጋ እኮ አንድ አለ። ቡራዩ።»

ይህ ነገር ለምን ቀድሞ እንዳልመጣልኝ አላውቅም። ስቱዲዮው ለሁለቱም ወገን ከአንድ ምንጭ ነው የቀዳው። ሴክተር ለሴክተር አንድ ናቸው። በሁለተኛው እሑድ ዲስኩ ከቡራዩ መጣ፣ በጋዜጣ ተጠቅልሎ። የእነሱ የተጎዳው መጀመሪያው ነው፤ ሙሽራዋ ከቤት ስትወጣ። ያልተሟላውን ኢሜጅ ከፍቼ የቡራዩን ዲስክ አስገባሁ። ፕሮግራሙ የጎደለውን ብቻ እየፈለገ ማንበብ ጀመረ። አንድ ሰዓት ገደማ ፈጀ። ያልተገኙት ሴክተሮች 52 ብቻ ሆኑ፤ መቶ ኪሎባይት ገደማ።

እማማን ጠርቼ አብረን አየነው። ቢላዋው ኬኩን ሲነካ ሥዕሉ ለአፍታ በትናንሽ አራት ማዕዘኖች ተበተነና ተመልሶ ተሰበሰበ። እሳቸው አላስተዋሉትም። ጥግ ላይ የቆመች ሴት እያዩ ነበር። «እህቴ ናት፤ ነፍሷን ይማረው።»

የጎደሉትን 52 ሴክተሮች በባዶ ሞልቼ ኢሜጁን አዲስ ዲስክ ላይ ቀዳሁላቸው። ማረሚያውን ሠርቼ ፍላሹ ላይ ጨመርኩ። ዲስኩንና ፍላሹን አንድ ላይ ፌስታሉ ውስጥ ሊከቱ ሲሉ እጃቸውን ያዝኳቸው።

«እማማ፣ ለየብቻ።»

ትንሽ አሰቡ። ዲስኩን ፌስታሉ ውስጥ አስገቡት። ፍላሹን ደግሞ በመሐረብ ቋጥረው የቤቱ ካርታ ያለበት ሳጥን ውስጥ ሊከቱት ይዘውት ወረዱ።